የጸባይ ዋንጫ፦ ከገና ሜዳ እስከ ገዳሪፍ

በማኅበራችን ኢዮቤልዩ ለወጣት ተጫዋቾቻችን የሚሰጠው ሽልማት ሲነሣ አንድ ክርክር አብሮ ይነሣል። ዋንጫው ብዙ ግብ ላስቆጠረው ይሰጥ ወይስ ጸባዩ ለተመሰከረለት? «ጸባይ ግብ አያገባም» የሚሉ ወገኖች አሉን። እኛ ግን ታሪካችንን መለስ ብለን ስናየው መልሱን ከዚያው አግኝተነዋል።

ሌላው ዓለም ሆኪ የሚለው በቆልማማ ዱላ የሚደረገው ጨዋታ በአገራችን ጥንት ጀምሮ አቻ አለው፤ እሱም ገና ነው። የልደት በዓል ሲደርስ ወጣቱ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ቆርጦ፣ ጥንጉን አዘጋጅቶ፣ ሰፈር ከሰፈር ተከፍሎ ሜዳ ይወጣል። ጨዋታው ኃይለኛ ነው፤ ቅልጥምም ክንድም ይመታል። ሆኖም በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋሉ፤ በሜዳው ለተባለውና ለደረሰው ቂም አይያዝም። እንግዲህ ዱላ ይዞ ቁጣን መግዛት አባቶቻችን ለልጆቻቸው ያስተማሩት የመጀመሪያው የስፖርት ሕግ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ ተነሥተው ካናዳ የገቡ ዘመዶቻችን ልጆች በበረዶ ላይ የሚደረገውን ሆኪ ያውቁታል። በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግም ከእ.ኤ.አ. 1925 ጀምሮ ችሎታን ከጨዋነት ጋር ላጣመረ ተጫዋች «ሌዲ ቢንግ» የተባለውን ዋንጫ ይሸልማል። በአገራችን የእግር ኳስ ውድድሮችም ከአሸናፊው ዋንጫ ጎን «የጸባይ ዋንጫ» መስጠት የታወቀ ልማድ ነው።

የነገሩ ትልቁ ምስክር ግን እዚሁ ሱዳን ውስጥ፣ ካርቱም ላይ ይገኛል። በየካቲት 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተውና የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የተካሄደው በዚያች ከተማ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ውጪ ሆነች። ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ ስለነበረች ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ አለፈ፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ዛሬ ያንን ውጤት የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ሰውን በቆዳው ቀለም የሚለይ ቡድን በአፍሪካ ሜዳ ቦታ የለውም የተባለበት ቀን ግን አልተረሳም።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥር 1954 ዓ.ም.፣ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። የደቡብ አፍሪካ ሹማምንት በዘር ለይተው አንድ ላይ አናሰልፍም ያሉትን ዓይነት ሰው እኛ አምበል አደረግነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለረጅም ዓመታት የተጫወቱት ይድነቃቸው ደግሞ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ አፓርታይድንም በስፖርቱ መድረክ ሲታገሉ ኖሩ። ተጫዋች ሆነው ግብ አስቆጥረዋል፤ አፍሪካ የሚያከብራቸው ግን በአቋማቸው ነው።

ይህን ታሪክ ወደ ገዳሪፍ ስናመጣው ትርጉሙ ይከብዳል። እኛ በሰው አገር ነን። በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ሊሠራ የመጣ፣ በ1977ቱ ድርቅ ኡም ራኩባ የገባ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ሸሽቶ ወደዚያው ጣቢያ የደረሰ፣ ሁሉም በዚህ ምድር እንግዳ ሆኗል። ልጃችን ሜዳ ላይ ከባለአገሩ ልጅ ጋር ሲጋጭ የሚታየው የእገሌ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ «ሐበሻው» ተብሎ ነው። አንድ የተሰነዘረ ቡጢ የሁላችንንም ጎረቤትነት ያናጋል። ወድቆ የተነሣው ልጅ የጣለውን ሲጨብጥ ደግሞ ሽማግሌ ልከን የማናገኘውን ሰላም ያመጣልናል።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳን ጦርነት ብዙ ቤተሰብ በትኗል። ገሚሱ በመተማ በኩል አገሩ ገባ፤ ሌላው ከካርቱም ሸሽቶ ወደዚህ መጣ። በዚያ ጭንቅ ጊዜ የተጠቀምንባቸው ወጣቶች ብዙ ግብ ያገቡት ብቻ አልነበሩም። ዐረብኛ የሚችለው ለአዲስ መጤዋ እናት ሐኪም ፊት ያስተረጎመ፣ ውኃ የቀዳ፣ የታናናሾቹን ቡድን ሳይበተን ሰብስቦ ያቆየ ልጅ ነበር ደጀናችን።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከሜዳ ሲመለስ «ስንት ለስንት?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «ማንን አነሣህ?» በሉት። ግብ ያገባው ልጅ ጭብጨባውን እዚያው ሜዳ ላይ ይቀበላል። ማንም ሳያየው የሠራው ልጅ ግን ካላመሰገንነው አመስጋኝ የለውም። የጸባይ ዋንጫው ለእሱ ይገባዋል የምንለውም ለዚህ ነው።