ሶደቃ የማሰባሰብ ሥርዓት ከመዲና እስከ ዘመናችን

ቢስሚላሂ ራሕማኒ ራሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

መስጂድ ሲሠራ፣ የቲም ሲረዳ፣ በሽተኛ ሲታከም ገንዘቡ በአብዛኛው የሚገኘው ሰው በሰው ፊት ቆሞ በመጠየቅ ነው። ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ጨርቅ ይዘረጋል፤ በገበያና በመናኸሪያ ካርኒ የያዙ ሰዎች ይቆማሉ። ሥራው ምንዳው ከፍ ያለ ነው። ሆኖም ሁለት አማና ይዟል። አንደኛው የሰጪው ክብር ነው፤ ፊት ለፊት የተጠየቀ ሰው በይሉኝታ ሊሰጥ ይችላልና። ሁለተኛው የገንዘቡ ሒሳብ ነው፤ ሰጪው የሰጠውን ተከትሎ ሊሄድ አይችልምና። ከጥንት እስከ ዛሬ የወጡት ደንቦች ሲመረመሩ እነዚህን ሁለቱን የሚጠብቁ ሆነው ይገኛሉ።

ጀሪር ኢብን ዐብደላህ (ረ.ዐ.) እንዳወሩትና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ከሙደር ጎሳ የሆኑ ድሆች ባዶ እግራቸውን መዲና ገቡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁኔታቸውን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። ካሰገዱ በኋላ ኹጥባ አድርገው ሕዝቡን ለሶደቃ ቀሰቀሱ። የተጣራው ጉባኤው በሙሉ እንጂ አንድ ሰው በስሙ አልነበረም፤ የቴምር ግማሽ እንኳ ቢሆን ተቀባይነት እንዳለው ተነገረ። አንድ አንሷሪ ለእጁ የከበደ ከረጢት ይዞ መጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት፤ በመጨረሻ የምግብና የልብስ ሁለት ክምር ተሠራ። ሰጪዎቹ ያልተዋረዱበት፣ ተቀባዮቹም ያልተረሱበት አሰባሰብ ይህ ነው።

ለጠያቂውም ደንብ ነበረው። ቀቢሷ (ረ.ዐ.) ሰዎችን ለማስታረቅ ዕዳ ተሸክመው እርዳታ ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጠየቅ የሚፈቀደው ለሦስት ዓይነት ሰዎች መሆኑን አስረዷቸው። እነርሱም ለእርቅ ሲል ዕዳ የተሸከመ፣ ንብረቱ በአደጋ የጠፋበትና ችግር የደረሰበት ሰው ናቸው። ለሦስተኛው ከወገኖቹ አስተዋይ የሆኑ ሦስት ሰዎች ሊመሰክሩለት ይገባል። ባለ ዕዳውም የሚፈልገውን ያህል ባገኘ ጊዜ መጠየቁን ያቆማል። ዛሬ ፈቃድና የገንዘብ ጣሪያ የምንለው ነገር በዚህ ሐዲስ ውስጥ አለ።

የሰብሳቢው ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ የጠነከረ ነው። ቁርኣን በሱረቱ ተውባ የዘካ ሠራተኞችን ከስምንቱ ተቀባዮች መካከል ቆጥሯቸዋል፤ ስለዚህ ለሠራተኛ ደመወዝ መክፈል ነውር የለበትም። ነገር ግን ከአዝድ ጎሳ የሆነ አንድ ሰብሳቢ ከሥራው ተመልሶ ከፊሉ የእናንተ፣ ከፊሉ ለእኔ የተሰጠ ስጦታ ነው ባለ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሚንበር ላይ ወጥተው ነገሩን አወገዙ፤ በአባቱና በእናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት ነበርን ሲሉ ጠየቁ። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሙዓዝን (ረ.ዐ.) ወደ የመን ሲልኩም ከሰዎች ሀብት ምርጥ ምርጡን ከመውሰድ እንዲጠነቀቁ አዘዋቸዋል።

የዘመናችን መንግሥታትም ይህንኑ ጉዳይ በጽሑፍ ሕግ ደንግገዋል። በእንግሊዝ አገር የመንገድ ላይ መዋጮ በ1916 እ.ኤ.አ. በአካባቢ ባለሥልጣናት ደንብ ሥር ገባ። በ1939 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ከቤት ወደ ቤት ለሚሰበስቡ ፈቃድን ግዴታ አደረገ፤ ሰብሳቢውም መለያ ምልክትና የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ተደረገ። የ1992 እ.ኤ.አ. ሕግ ደግሞ ተከፍሎት የሚሰበስብ ሰው ስለ ክፍያው ለሰጪው እንዲናገር አስገደደ። በ2015 እ.ኤ.አ. አረጋውያን በተደጋጋሚ ልመና መጨነቃቸው ሕዝቡን ስላስቆጣ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የመዋጮን ሥራ የሚከታተል አዲስ አካል ተቋቋመ።

በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለበጎ ሥራ ከሕዝብ ገንዘብ ስለሚሰበስቡ ኮሚቴዎች ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። መቋቋማቸውን ለመንግሥት እንዲያስታውቁና አባላቱም በአንድነት ኃላፊ እንዲሆኑ ደንግጓል። በኋላ የወጡት የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621 እና እርሱን የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ግን የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከቱም። በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1207 የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ሕጋዊ ሰውነት አገኘ።

እንግዲህ ልብ እንበል። የወንጀል ሕጉ አታላይንና እምነት አጉዳይን ይቀጣል፤ ይህ ግን ገንዘቡ ከጠፋ በኋላ ነው። ገንዘቡ ከመጥፋቱ በፊት በመስጂዳችን በር ላይ ቆሞ ካርኒያችንን የሚቆጥር ሹም የለም። ከሕጉ ውጭ መሆናችን ሸክማችንን አላቀለለውም፤ ወደ እኛው አዞረው እንጂ። ስለዚህ ሰብሳቢው በጀመዓው የታወቀና የተመሰከረለት ይሁን። ካርኒው ተራ ቁጥር ይኑረው፤ ገንዘቡን ከአንድ ሰው በላይ ይቁጠረው። የሚከፈለው ካለ በግልጽ ይነገር። የታሰበው ሲሞላ ልመናው ይቁም፤ የተረፈውም በጀመዓው ፊት ይገለጽ። ማንም በስሙ ተጠርቶ በይሉኝታ አይያዝ።

አንዲት እናት ከመቀነቷ ፈትታ የምትሰጠው ብር ወዴት እንደሄደ ላትጠይቅ ትችላለች፤ አላህ ግን ይጠይቃል። አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን፤ አሚን።