የወታደር ቀለብ ከማን ጎተራ?

ወታደርንና ቤተሰቡን መርዳት ዛሬ በጎ አድራጎት ይባላል። በቀድሞው በጌምድር ግን ምጽዋት ሳይሆን ዕዳ ነበር። ሠራዊት በሰፈረበት አገር ባላገሩ ቤቱን ይከፍታል፤ ተሰሪው ወታደር ምድጃው ዳር ተቀምጦ ይበላል። የገበሬው ሚስት ለልጆቿ የጋገረችውን እንጀራ ለማታውቀው ሰው ታቀርባለች። ደግነት ነው እንዳንል ምርጫ አልነበራትም።

ይህን ልማድ ለመስበር የደፈሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ከጫኑ በኋላ ወታደሩ ባላገሩን እንዳይዘርፍ ከለከሉ፤ በደመወዝ የሚያድር ሠራዊት ለማቋቋምም ተነሡ። ደመወዙ ግን ከየት ይምጣ? ዐይናቸው በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ዐረፈ። ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን የሚያሳድር መሬት ቀርቶለት፣ የተረፈው ግብር ለሚከፍል ገበሬ እንዲሰጥ በ1852 ዓ.ም. ወሰኑ። ካህናቱ ፊታቸውን አዞሩባቸው። ግዛታቸው እየጠበበ ሄዶ ደብረ ታቦርና መቅደላ ብቻ ሲቀሩ፣ ዝርፊያን የከለከሉት ንጉሥ ሠራዊታቸውን በዝርፊያ ይቀልቡ ጀመር። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲያመሩ፣ ከኋላቸው የተራቆተ በጌምድር ቀረ።

ጥያቄው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ተመልሶ መጣ። ደብረ ታቦር በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ነጻ ወጣች። መንግሥትም ለአርበኞች፣ ለስደተኞችና ለወደቁት ቤተሰቦች አንድ አንድ ጋሻ መሬት፣ 40 ሄክታር ያህል፣ ፈቀደ። በወረቀት ላይ ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን በጌምድር የርስት አገር ነው፤ መሬቱ የአባት የእናት በመሆኑ መንግሥት ቆርሶ የሚሰጠው ብዙ አልነበረውም። ለስጦታ የሚሆነው በአብዛኛው በደቡብ ነበር። ባሏ ጉና ግርጌ የወደቀባት ሴት ርስቷንና የባሏን መቃብር ትታ ወደማታውቀው አገር ትሂድ? ያም መሬት ቢሆን ሰው አልባ አልነበረም። ለአርበኛ ጋሻ የሆነው ለሌላው ገበሬ ብዙ ጊዜ ጭሰኝነት ሆነ።

ወንድ ለጎደለበት ቤት ከአዋጁ ይልቅ የሚቀርበው የጎረቤት በሬ ነው፤ ወንፈልና ደቦ። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ሚሊሺያ ሲያዘምት ይህንኑ የገበሬ ማኅበራት ግዴታ አደረገው። የዘማቹ ማሳ በጎረቤቶቹ ጥማድ ታረሰ። ሥራው የደቦ ይመስላል፤ ልዩነቱ ግን ደቦ የሚጠራው በጠላ፣ ይህ በትእዛዝ መሆኑ ነው። የራሱ ማሳ ዝናብ እያለፈበት የሰው ያረሰ ገበሬ ምን እንዳለ ማንም አልጻፈለትም።

ሠራዊቱ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲበተን ከ400,000 የሚበልጥ ወታደር ወደ ቤቱ ተመለሰ። መልሶ የሚያቋቁም ኮሚሽን ተሠይሞ ቀለብና ዘር አከፋፈለ። ወደ እርሻ ለተመለሰው መሬቱን የሚያካፍሉት ግን ያው የመንደሩ ሰዎች ነበሩ፤ በዘመተ ጊዜ ማሳውን ያረሱለት።