ብልቃጥና እንስራ

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ተጉዞ ጎብዬ የደረሰን መንገደኛ አስቀድሞ የሚቀበለው የራያ ቆላ ሙቀት ነው። ማሽላውን የሚያበስለው ያ ፀሐይ በአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በብልቃጧ ያለው ኢንሱሊን ይባላል። እኔ የባንክ ጸሐፊ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም ጎብዬ ያለችው አክስቴ ዐሥራ አምስት ዓመት ከዚህ መድኃኒት ጋር ስትኖር ስላየሁ፣ ታሪኩን ማገላበጥ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ባነበብኩ ቁጥር ጎልቶ የታየኝ፣ ኢንሱሊንን ማግኘት ከባድ እንደነበረ ሁሉ ሳይበላሽ ጠብቆ ከታማሚው እጅ ማድረስም የዚያኑ ያህል ከባድ ሆኖ መኖሩ ነው።

ከግኝቱ በፊት ሐኪሞች ለስኳር ሕመምተኛ ልጅ የነበራቸው መላ ማስራብ ነበር። ምግቡን እየቀነሱ ዕድሜውን በጥቂት ወራት ያስረዝሙለታል፤ ልጁም አጥንቱ ቀርቶ ይሞታል። ረኀብን በዓይኑ ያየ የራያ ሰው፣ ረኀብ በሐኪም ሲታዘዝ ቢሰማ ምን ይል ይሆን? እ.ኤ.አ. በ1921 ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በቶሮንቶ፣ በፕሮፌሰር ማክላውድ ቤተ ሙከራ፣ ከውሻ ቆሽት መድኃኒቱን አወጡ። ጄምስ ኮሊፕ አጣራው። በጥር 1922 ሌናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በዚህ መድኃኒት ከሞት ተመለሰ። ግኝቱ ለሰው ሁሉ እንዲደርስ በማሰብ የባለቤትነት መብቱን ለዩኒቨርሲቲው በአንድ አንድ ዶላር ሸጡት። የዛሬውን የመድኃኒት ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ተረት ይመስላል።

የመጀመሪያው ኢንሱሊን ጉልበቱ ቶሎ ስለሚያልቅ በቀን ብዙ ጊዜ መወጋትን ይጠይቅ ነበር። ዴንማርካዊው ሐንስ ክርስቲያን ሐገዶርን በ1936 ከዓሣ ዘር የተገኘ ፕሮታሚን የተባለ ነገር ጨምሮበት ሥራውን አዘገየው። አክስቴ ከመወጋቷ በፊት በሁለት መዳፎቿ መካከል ቀስ አድርጋ የምታንከባልለው ደፍራሽ መድኃኒት የዚያ ሥራ ልጅ ነው። መናጥ የለበትም። ተንከባሎም ቅንጣት ከቋጠረ ወይም ከብልቃጡ ግድግዳ ላይ እንደ አመዳይ ከተጣበቀ ይጣላል።

ከዚያ የፓምፑ ዘመን መጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አርኖልድ ካዲሽ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የሠራው በጀርባ የሚታዘል ነበር፤ በ1970ዎቹ ዲን ኬመን በሰውነት ላይ የሚያዝ አደረገው። ከዋሽንግተን ለሠርግ የመጣው የአጎቴ ልጅ ቀበቶው ላይ የታጠቀው የስልክ መጠን ብቻ ያለው ነው። ልጁ እንዳስረዳኝ በፓምፑ ውስጥ ያለው ፈጣኑ ኢንሱሊን ብቻ ስለሆነ፣ ቀጭኗ ቱቦ ብትታጠፍ ወይም አየር ቢገባባት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደም በስኳርና በአሲድ ይሞላል። ስለዚህ መርፌና ትርፍ ብልቃጥ ከኪሱ አይለዩም። እዚህ ሲደርስም አስቀድሞ ያስተካከለው የፓምፑን ሰዓት ነው፤ አለበለዚያ የሌሊቱን መጠን በቀን ይሰጠዋል። ቱቦውንና መርፌውን በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ይቀይራል። በጎብዬ ፀሐይ ግን መድኃኒቱ በቀበቶው ላይ እንዳይሞቅበት ሲጨነቅ፣ አክስቴ ወደ ጓዳ ወስዳ የእሷን መሣሪያ አሳየችው።

የእሷ መሣሪያ ማሰሮ ነው። ቀድሞ ብልቃጧን በጎረቤት ሱቅ ማቀዝቀዣ፣ ከለስላሳ ጠርሙሶች መካከል ታስቀምጥ ነበር። መብራት ሲሄድ ይሞቃል፤ አንድ ቀን ደግሞ ባለሱቁ ቅዝቃዜውን ከፍ አድርጎት ብልቃጡ በረዶ ሆኖ ጠበቃት። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይረባም። ከዚያ ወዲህ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አሸዋ ጨምራ፣ አሸዋውን በውኃ አርሳ፣ በመካከሉ ትንሽ ማሰሮ ቀብራ፣ በፌስታል የጠቀለለችውን ብልቃጥ እዚያ ታኖራለች። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍንና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ታስቀምጠዋለች። የእንስራ ውኃ በቆላ ለምን እንደሚቀዘቅዝ የሚያውቅ ሁሉ ምሥጢሩን ያውቀዋል፤ በሸክላው ቀዳዳ እየተነነ የሚወጣው ውኃ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። አየሩ እርጥብ በሚሆንበት በሐምሌና በነሐሴ ግን ማሰሮው ይሰንፋል።

ሳይንስም ዘግይቶ ወደ እናቶቻችን ጓዳ ገብቷል። ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ የሸክላ ማሰሮዎች ተፈትነው ሙቀት እንደሚቀንሱ በ2016 ታተመ። በ2021 ደግሞ ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ፣ በሰሜን ኬንያ በዳዳብ መጠለያ ያለውን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ የሚዋዥቅ ሙቀት አስመስለው ሞክረው፣ ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ጉልበቱን እንደያዘ መቆየቱን አሳወቁ። ማቀዝቀዣ የለውም ተብሎ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ የሚከለከል ታማሚ ነበርና ነገሩ ትንሽ አይደለም።

ማሰሮ ሙቀትን ይመልሳል፤ የተዘጋ መንገድን ግን አይከፍትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች ሻንጋይን ሲይዙ የመድኃኒት ቤቶቹ ተዘጉ። ስደተኛዋ ኢቫ ሳክስልና ባሏ ቪክቶር ከመጽሐፍ እያነበቡ ከጎሽ ቆሽት ኢንሱሊን አወጡ፤ በጥንቸል ሞከሩት፤ ቀጥሎ ኢቫ ራሷን ወጋች። በዚያ መድኃኒት ብዙ ሕመምተኞች ጦርነቱን ተሻገሩ።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ራያ ቆላ ደረሰ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ። በሰሜን በኩል በመቀሌም የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ኢንሱሊን አልቆብናል እያሉ የሚጮኹበት ጊዜ መጣ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በወረቀት ላይ አሰላ ነበር፦ አንድ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር፣ በእያንዳንዱ 100 ዩኒት፣ በድምሩ 1000 ዩኒት። አክስቴ በቀን 30 ትወጋለች፤ ስለዚህ 33 ቀን። ሁለት ብልቃጥ እንዳላት አውቅ ነበር። መንገዱ የተከፈተው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው።

ሒሳቤ ያላወቀው ነገር ነበር። ጎረቤቷ ያለ አንድ ተማሪ ሕመሙ ከልጅነቱ የያዘው ነው፤ የእሱ ዓይነት ሰውነት የራሱን ኢንሱሊን ስለማያመነጭ ያለ መርፌ ቀናት እንጂ ወራት አይሰጠውም። የአክስቴ በጉልምስና የመጣ ስለሆነ ቆሽቷ ጥቂት ይረዳታል። ያልተከፈተውን ብልቃጥ ለእሱ ሰጠችው፤ የራሷን መጠን በግማሽ ቀነሰች፤ እሱም ሲያልቅባት ቂጣዋን አሳነሰች። ከሳች፤ ዓይኗም ደከመ። ልጁ ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ደሴ፣ ደሴ በጥቅምት ስትያዝ ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ።

በጥር ሲመለስ ሁለት ብልቃጥ ይዞ መጣ። አክስቴ አንዱን ልትመልስለት ብትል፣ «እትዬ፣ ሁለተኛው ወለዱ ነው» ብሎ ከማሰሮው ውስጥ አስቀመጠላት።