ሞዴል 19 በሲልቨር ስፕሪንግ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሰኔን ያውቃታል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግምጃ ቤቱ በር ላይ «በቆጠራ ምክንያት ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ ቆጣሪ ኮሚቴ ይሰየማል፤ ቢን ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር መደርደሪያው ላይ ካለው እቃ ጋር ይመሳከራል። በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ ያልተደረገ እቃ እዚያው መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ይጠየቃል። ይህ አሠራር ዛሬ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ በምኖርበት ሕንፃ ፓኬጅ ሩም ውስጥ ሥር ሰዷል። ያመጡልን አገር ቤት የሥራ ዘመናቸውን በንብረት ክፍል የጨረሱ ጎረቤታችን ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን።

ፓኬጅ ሩሙ ከፍሮንት ዴስኩ ጀርባ ያለ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። የአማዞን፣ የዩፒኤስ፣ የፌዴክስና የፖስታ ቤቱ ሾፌሮች ቀኑን ሙሉ ያራግፉበታል። ከታንክስጊቪንግ እስከ ገና ካርቶኑ ከመደርደሪያ አልፎ ወለሉን ይሞላና እግር ማስገቢያ ይጠፋል። ድሮ የአስተዳደሩ መላ አንድ ነበር፤ ቀኑ ያለፈበትን ሰብስቦ ለላኪው መመለስ። ስንት ካርቶን እንደተመለሰ ይመዘገብ ነበር፤ ባለቤቱ ለምን እንዳልወሰደው የሚጠይቅ ግን አልነበረም።

ጋሼ ይህን አልወደዱትም። «ይሄ ማጽዳት እንጂ ቆጠራ አይደለም» አሉ። ደብተር ገዝተው ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ ብለው አሰመሩ፤ ከጎኑም «ምክንያት» የሚል አራተኛ ዓምድ ጨመሩበት። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ዓምድ ነው። አስተዳደሩ ከብዙ ንግግር በኋላ ከጋሼ ጋር ሆነን እንድንቆጥር እሺ አለ፤ ካርቶን እንዳይከፈት ግን አጥብቆ አስጠነቀቀ። ልክ ነው። በዚህ አገር ለሌላ ሰው በፖስታ የተላከን ነገር ባለቤቱ እጅ ሳይገባ መክፈት እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው።

ስለዚህ የምናነበው ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ብቻ ነው። ቁጥሩ በ1ዜድ ከጀመረ የዩፒኤስ፣ በቲቢኤ ከጀመረ የአማዞን መሆኑን ሁላችንም ለምደነዋል። የሚያስቸግረው ስሙ ነው። የኪራይ ውሉ በባል ስም ተፈርሟል፤ ሚስት ግን አገባሁ ብላ የአባቷን ስም አትጥልም። ሲስተሙ ስለማያውቃት እቃሽ መጥቷል ብሎ መልእክት አይልክላትም። ጸሐይ የተባለች ጎረቤት ደግሞ ውሉ ላይ ስሟ በቲ ይጀምራል፤ እህቷ እቃ ስታዝዝላት በኤስ ትጽፈዋለች፤ ካርቶኑ ሌላ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይከርማል። እነዚህ ሰዎች ቸልተኞች አይደሉም። እቃቸው እንደመጣ የነገራቸው ሰው የለም።

የመንገደኛ እቃም አለ። ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ባለ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ አለው ሲባል ዘመድ ሁሉ የሕፃን ልብሱን፣ ስልኩን፣ ጫማውን በእሱ አድራሻ ያዛል። እቃው ሲደርስ መንገደኛው ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ሄዷል። ጋሼ ምክንያቱን «መንገደኛ» ብለው ይጽፉና ለቤተሰቡ ያስደውላሉ።

አንድ ቅዳሜ ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ ትንሽ ነጭ ሳጥን አገኘን። «ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ» የሚል ተለጣፊ አለው፤ ውስጡ ያለው በረዶ ቀልጦ የካርቶኑ ጠርዝ ረጥቧል። ስድስተኛ ፎቅ የሚኖሩ እማማ ኢንሱሊን ነበር። መድኃኒቱን የሚያዝዝላቸው ቴክሳስ ያለው ልጃቸው ነው፤ «ደርሷል» የሚለው መልእክት የሄደው ወደ እሱ ስልክ ነው። እሱ እናቴ ወስደዋል ብሎ ዝም አለ፤ እሳቸው ፋርማሲው ዘገየብኝ ብለው የቀረቻቸውን እየቆጠቡ ይወጉ ነበር። ይህን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት ሳጥን ቆጠራ አይጠብቅም፤ በመጣበት ቀን በር ድረስ ይወጣል።

ከኤልሳልቫዶር የመጡ ጎረቤቶቻችንም ብዙ ናቸው። ብዙዎቹ የአባትና የእናት ቤተሰብ ስም አጣምረው ስለሚይዙ ካርቶኑ አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ይመጣል። አሁን ከእነሱ አንዲት እናት ከጋሼ ጋር ይቆጥራሉ። ቋንቋ አይግባቡም፤ ግን በጣታቸው እየጠቆሙ ዓምዶቹን ይሞላሉ፤ ምክንያቱን እሳቸው በስፓኒሽ፣ ጋሼ በአማርኛ ይጽፋሉ።

አስተዳደሩ በቅርቡ በኮድ የሚከፈት ሎከር ሊያስገባ አስቧል። አልቃወምም፤ እቃ አይጠፋም፣ ወለሉም ይለቀቃል። ነገር ግን ሎከሩ ኮዱን የሚልከው ለተመዘገበው ስልክ ብቻ ነው፤ እማማን አያውቃቸውም። ስለዚህ ከመተከሉ በፊት በእያንዳንዱ ቤት የሚኖሩት ሁሉ ስማቸው በሚጻፍበት ዓይነት ሁሉ ይመዝገብ፤ ለአረጋውያን ሁለተኛ ስልክ ቁጥር ይያዝ፤ ቀኑ ያለፈበት እቃ ከመመለሱ በፊትም ዝርዝሩ ለቆጣሪዎቹ ይሰጥ ብለን ጽፈን አስገብተናል። ማመልከቻውን ያረቀቁት ጋሼ ናቸው፤ ግልባጩም ደብተሩ ውስጥ ተያይዟል።