አቤቱታና የመልስ ግዴታ፦ ከፑኝዶ ምድር የተነሡ ጥያቄዎች

ስለ አቤት ባይነት የሚጻፉ የታሪክ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በባለጉዳዩ ጩኸት ላይ ነው፤ ምን በደል ደረሰበት፣ ለማን አመለከተ ይላሉ። ይህ መጣጥፍ ፊቱን ወደ ተቀባዩ ያዞራል። አቤቱታ የደረሰው ባለሥልጣን ወይም ምክር ቤት ምን የማድረግ ግዴታ ነበረበት? ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ፣ በጊሎ ወንዝ አካባቢ ያለችው የጎግ ወረዳዋ ፑኝዶ ለዚህ ጥያቄ ምቹ መመርመሪያ ናት። የአኙዋ ቀዬ ናት፤ ከደርግ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች መጠለያ ሆናለች። በጋምቤላ ታሪክ አቤት የሚባልበት ደጅ ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው የመልስ ግዴታ ነው።

የቅኝ ገዢ እጅ ጋምቤላን የነካው በጠባብ ቦታ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት፣ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተሰጠ። ጣቢያው ሱዳን ነፃ እስከ ወጣችበት 1948 ዓ.ም. ድረስ በእንግሊዞች ሲተዳደር ቆይቶ በተከታዩ ዓመት ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በዚያ ክልል የሚኖር ነጋዴ ወይም ወዛደር በደል ቢደርስበት የሚያመለክተው ለሹሙ ነው፤ ከሹሙ በላይ ያለችው ካርቱም እስከ 1941 ዓ.ም. ድረስ የሕግ አውጪ ጉባኤ አልነበራትም።

በዚያው የእንግሊዝ ግዛት ሥር የነበረችው ኒው ዚላንድ የሄደችበት መንገድ የተለየ ነው። በዚያ የቅኝ ግዛት ፓርላማ አቤቱታ በአንድ የምክር ቤት አባል እጅ ይቀርባል፤ ወደ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው መርምሮ ሪፖርት ያቀርባል፤ ሪፖርቱም ይታተማል። እ.ኤ.አ. በ1893 ወደ 32 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች የመምረጥ መብት ጠይቀው ፈረሙ፤ ሕጉም በዚያው ዓመት ጸደቀ። የአገሩ ነባር የሆነው የማኦሪ ሕዝብ ዕድል ግን እንዲህ የቀና አልነበረም። ስለተወሰደባቸው መሬት ካቀረቧቸው አቤቱታዎች ብዙዎቹን ኮሚቴው ምንም ሐሳብ የለኝም ብሎ ዘግቷቸዋል። ይህ ግልጽ በደል ነው። ሆኖም እምቢታው ራሱ በመዝገብ ሰፍሮ ስለቆየ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመው፣ የማኦሪን ቅሬታ የሚመረምረው የዋይታንጊ ትሪቡናል እነዚያን አሮጌ ወረቀቶች በማስረጃነት ሊያነባቸው ችሏል።

በእኛ አገር በደል የደረሰበት ሰው የመጨረሻ ተስፋው ዙፋን ችሎት ነበር። ባለጉዳይ በንጉሠ ነገሥቱ መንገድ ላይ ቆሞ «አቤት፣ ጃንሆይ!» ይላል። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ይህን ልማድ በሕግ አጽንቶ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጠ። መልስ የመስጠት ግዴታ ግን በንጉሠ ነገሥቱ ላይ አልተጣለም፤ መልሱ ቸርነት እንጂ ዕዳ አልነበረም። ያው ሕገ መንግሥት በሕዝብ የሚመረጥ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ቢያቋቁምም፣ ለመመረጥ በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው መሆን ያስፈልግ ነበር። መሬቱን በጋራ ይዞ ለሚኖረው ለአኙዋ ገበሬ ይህ መስፈርት ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። የፑኝዶ አቤቱታ ጋምቤላን፣ ከዚያም የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ የነበረችውን ጎሬን አልፎ አዲስ አበባ መድረስ ነበረበት፤ ያውም ባለጉዳዩ በማይናገረው ቋንቋ፣ በአማርኛ ተጽፎ።

ፓርላማ ጋምቤላን በቀጥታ የመረመረበት ጊዜ የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በፑኝዶ መጠለያ በ1995 ዓ.ም. ደም ያፋሰሰ ግጭት ከተነሣ በኋላ ለስደተኞች አዲስ ሰፈር ይፈለግ ጀመር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በዚህ ጉዳይ የተሰማሩ 8 ሰዎች በመንገድ ላይ ተገደሉ፤ አስከሬናቸው ጋምቤላ ከተማ ሲገባ በአኙዋ ነዋሪዎች ላይ ጭፍጨፋ ተፈጸመ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ኮሚሽኑም የሟቾቹን ቁጥር 65 አለ። ሂውማን ራይትስ ዎች በ1997 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ቁጥሩን እስከ 424 አድርሶታል። እንዲህ ያለ ልዩነት ባለበት የሟች ቤተሰብ ስሙን ይዞ ቀርቦ፣ የእኔ ሰው ለምን አልተቆጠረም ብሎ እንዲጠይቅና በጽሑፍ መልስ እንዲያገኝ መንገድ ሊከፈትለት ይገባ ነበር። የሟቾች ቁጥር በኮሚሽን ሪፖርት ብቻ የሚዘጋ ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

በአሠራር ረገድ ከሁሉ የሚያስተምረው አቤቱታ የቀረበው ግን ለየትኛውም ፓርላማ አልነበረም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በጋምቤላ ክልል 45 ሺህ አባወራዎችን በሦስት ዓመት በመንደር የማሰባሰብ ዕቅድ ተጀመረ። መንግሥት ዓላማው አገልግሎትን ማዳረስ፣ ሰፈራውም በፈቃድ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ገለጸ፤ ተገደን ተነሣን የሚሉ አኙዋዎችም ድንበር ተሻገሩ። መስከረም 14 ቀን 2005 ዓ.ም. በ26 አኙዋዎች ስም የቀረበ አቤቱታ በዋሽንግተን የዓለም ባንክ ኢንስፔክሽን ፓነል ዘንድ ደረሰ። ባንኩ የሚደግፈው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ከመንደር ማሰባሰቡ ጋር የተሳሰረ ነው የሚል ነበር። የአመልካቾቹ ስም እንዲደበቅ የፓነሉ ሥርዓት ይፈቅዳል።

ፓነሉ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ካሳም አይፈርድም። ይሁንና በጽሑፍ የተደነገገ አካሄድ አለው። አቤቱታው ይመዘገባል፤ የባንኩ አመራር በ21 የሥራ ቀናት ውስጥ ይመልሳል፤ ፓነሉም ጉዳዩ ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ወስኖ ለቦርዱ ያቀርባል። በኅዳር 2007 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ምርመራ በሁለቱ መርሃ ግብሮች መካከል የአሠራር ትስስር እንዳለ፣ ባንኩም ስጋቱን በሚገባ እንዳልመረመረ አረጋገጠ። የግዳጅ መፈናቀል መፈጸም አለመፈጸሙን ግን ከሥልጣኑ ውጪ አድርጎ አልወሰነበትም። የካቲት ላይ ቦርዱ የተቀበለው የእርምጃ ዕቅድ ወደፊት የሚሠራውን የሚመለከት እንጂ ለተፈናቀለ ሰው ማሳውን የሚመልስ አልነበረም። ውጤቱ ጎዶሎ ነው፤ ያም ሆኖ አመልካቾቹ የክርክሩን ሁለት ወገን በጽሑፍ አግኝተዋል። በዚያው ዘመን ማንነቱ የተሰወረ አንድ የጋምቤላ ገበሬ የእንግሊዝን የልማት ሚኒስቴር ለንደን ላይ ከሰሰ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በሐምሌ 2006 ዓ.ም. ጉዳዩ እንዲታይ ፈቀደ።

ዛሬ በአገር ቤት ያለው ሕግ ባዶ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን ለዜጋ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው ስለሰጠ፣ በፑኝዶ መጠለያ ያለ ስደተኛም ባለመብት ነው። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ሲቋቋም አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም፣ ያለ ክፍያ እንዲቀርብለት ተደንግጓል። ይህ ለጽሕፈት እንግዳ ለሆነ ገበሬ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ችግሩ የተቋሙ ግኝት የመፍትሔ ሐሳብ ሆኖ መቅረቱ ነው። እኔ የምለው የጋምቤላ ክልል ምክር ቤት የራሱን የአቤቱታ መዝገብ ይክፈት ነው፤ በአኙዋኛ፣ በኑዌርኛና በማጃንግኛ የሚቀርብለትን ይቀበል፣ የመልስ ቀኑን አስቀድሞ ይወስን፣ እምቢ ያለበትንም ምክንያት ጽፎ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ለዚህ አዲስ ሕገ መንግሥት አያስፈልግም፤ የምክር ቤቱን የውስጥ ደንብ ማሻሻል ይበቃል።