ሽቦው ከተነሣ ወዲህ

በሁለት ቋንቋዎች መካከል ተቀምጦ ለሚውል ተርጓሚ፣ ቃላት የታሪክ መዝገብ ናቸው። «ስልክ» የምንለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ በምንጩ ፍቺው «ሽቦ» ማለት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሕዝቦች የሚግባቡበት ስዋሂሊም ይህንኑ መሣሪያ «ሲሙ» ይለዋል፤ ይህም ከፋርስኛ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቃል ነው፤ ፍቺውም እንደዚያው «ሽቦ» ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ መሣሪያውን የሰየሙት በሚያሰማው ድምፅ ሳይሆን ባሰረው ነገር ነው። ዛሬ በኪሳችን ይዘን የምንዞረው ስልክ ሽቦ የለውም። ስሙ ግን እንደነበረ ቀርቷል።

ሽቦው በነበረበት ዘመን ምን ይሠራልን ነበር? በተነሣ ጊዜስ ምን ይዞብን ሄደ? ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም። በየቤቱና በየገበታው «ስልክ በላን» የሚል እሮሮ ከተሰማ ቆይቷል። እሮሮውን ተከትሎ የሚመጣው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ሰውየውን የሚወቅስ ነው፤ ዛሬ ልጆችና ወላጆች ፈቃዳቸው ስለ ደከመ፣ የቀድሞ ሰዎች ግን ቁጥቦች ስለ ነበሩ እንደሆነ ይነገረናል። የስልክን ታሪክ በእኛው አካባቢ ስንከተል የምናገኘው ግን ከዚህ የተለየ ነው።

ስልክ ወደ እኛ ሲመጣ

አሌክሳንደር ግርሃም ቤል በአሜሪካ የስልክ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። ከዚያ 20 ዓመት ሳይሞላ መሣሪያው ወደ ኢትዮጵያ ደረሰ። ኋላ ራስ የተባሉት መኮንን በ1889 ወደ ጣሊያን ተልከው ሲመለሱ ስልክ ይዘው እንደመጡ ይተረካል። ካህናቱ ሰው በሌለበት የሰው ድምፅ ሲሰሙ «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው እንደተቃወሙና ዳግማዊ ምኒልክ ግን ተቃውሞውን እንዳልተቀበሉትም እንዲሁ ይተረካል። ተረኩ ምን ያህል እንደተቀባባ መለየት ቢያስቸግርም፣ የተከተለው ሥራ ግን በታሪክ የተመዘገበ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን የራሱን ታሪክ የሚጀምረው ከ1894 ሲሆን፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘውና 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መሥመር ሥራ የተጀመረው በዚያ ዓመት ነው።

በደቡብ በኩል ደግሞ በ1896 ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ሲደርስ፣ የቴሌግራፍ ሽቦም አብሮት ተዘርግቶ ነበር። ምድራቸው ሳይጠየቁ የተቆረሰባቸው የናንዲ ሰዎች ሽቦውን እየቆረጡ አምባርና የአንገት ጌጥ ያደርጉት እንደነበር የኬንያ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ለቅኝ ገዥው ሽቦው የሥልጣን ክንድ ነበር፤ ለናንዲ ሴት ግን ጌጥ ሆነ። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ሰው ሁሉ ሠሪው ባሰበለት መንገድ ብቻ እንደማይገለገልበት ከዚህ እንረዳለን። ይህን ነጥብ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ሦስቱ አጥሮች

ከዚያ በኋላ ባለፈው አንድ መቶ ዓመት ገደማ፣ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ በሦስት አጥሮች ውስጥ ኖሯል። የመጀመሪያው ቦታ ነው። ስልኩ ከግድግዳው የታሰረ ስለነበር ሰው ወደ ስልኩ ይሄዳል እንጂ ስልኩ ሰውን አይከተልም። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ቴሌ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ጊዜ ነበረው፤ ቤት ስልክ ላለውም በምሳ ሰዓትና ከመሸ በኋላ መደወል ነውር ነበር። ሌሊት ስልክ ከጮኸ ቤተሰቡ በሙሉ «ማን ሞተ?» እያለ ይነሣ ነበር። ሦስተኛው ዋጋ ነው። እያንዳንዱ ደቂቃ ስለሚከፈልበት፣ ሰው ሳይደውል በፊት የሚናገረውን በልቡ ያሰናዳ ነበር።

እኔ ባደግሁበት የክፍለ ሀገር ከተማ በሰፈሩ ስልክ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ስልኩ ዳንቴል ለብሶ በሳሎኑ ጥግ ተቀምጦ፣ መደወያው ላይ ትንሽ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት ነበር። ቁልፉ ከእመቤቲቱ መቀነት አይለይም። ውጭ አገር የሚኖረው አጎቴ በዓመት አንድ ጊዜ ለገና ሲደውል፣ ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ በደብዳቤ ይነገረናል። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እኛን ፊታችንን አሳጥባ ወደ ቴሌ ትወስደናለች። ስልከኛዋ «ካቢን ሁለት!» ብላ ስትጣራ ሁላችንም ተጠባብቀን እንገባለን። የተሰጠን ጊዜ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። በዚያች ሦስት ደቂቃ ውስጥ የተባለው ነገር ግን ለወራት ይወራል፤ እናቴም የወንድሟን ሳል ሳይቀር እያስታወሰች «ደረቱ አልዳነም» ትል ነበር።

ልብ ሊባል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ያኔ በስልክ የምንቆጠብ፣ የምንናገረውን የምናዘጋጅ፣ የሚነገረንንም በሙሉ ጆሮ የምንሰማ ሰዎች ነበርን። ይህ ግን ከእኛ ጨዋነት የመነጨ አልነበረም። ሥርዓቱን የያዘልን ሽቦው፣ ሰዓቱና ሒሳቡ ነበር። አጥሩን እኛ አላጠርነውም፤ ስለዚህም ሲፈርስ እንዴት እንደሚታጠር አላወቅንም።

አጥሮቹ እንዴት ፈረሱ

በኢትዮጵያ ተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት የጀመረው በ1999 ነው። ከዚያ ጀምሮ የቦታ አጥር ወደቀ። የዋጋ አጥር ግን ለጊዜው ጸንቶ ቆይቷል፤ ለዚህም ምስክሩ «ሚስኮል» ነው። አንዴ አስጠርቶ መዝጋት «ደርሻለሁ»፣ ሁለቴ ማስጠራት «ውጪ» ማለት ሆነ። ናይሮቢ ያሉ ወዳጆቻችንም ይህንኑ ዘዴ «ፍላሽ» እያሉ ይጠቀሙበት ነበር። ያለ ምንም ሳንቲም ሐሳብ የሚያደርሰው ይህ ጥበብ፣ ናንዲዎች ከሽቦው ጌጥ እንዳወጡ ሁሉ፣ ሠሪዎቹ ያላሰቡት የሕዝብ ፈጠራ ነው።

ቀጥሎ ስልኩ የሌሎችን ዕቃዎች ሥራ እየጠቀለለ ወሰደ። በመጋቢት 2007 በኬንያ የተጀመረው ኤም-ፔሳ ስልክን የገንዘብ ቦርሳ አደረገው፤ በኢትዮጵያም ቴሌብር በ2021 ተከተለ። ሰዓቱ፣ ሬዲዮው፣ ካሜራው፣ ደብዳቤው፣ ካርታው፣ የጸሎት መጽሐፉ ሳይቀር በአንድ መስተዋት ሥር ተሰበሰቡ። ስልኩን ማስቀመጥ ያቃተን በከፊል ለዚህ ነው፤ ሰዓት ለማየት ያነሣነው ዕቃ ገበያውንም፣ ለቅሶውንም፣ ጭቅጭቁንም ይዞ ይቀርባል።

የመጨረሻው አጥር አፈራረስ ግን ብዙም አልተወራለትም። ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አለው። የራዲዮ ዜና «ዜናው እዚህ ላይ ያበቃል» ተብሎ ይዘጋል። ቡናችን እንኳ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ይጠናቀቃል፤ ከበረካ በኋላ ረከቦቱ ይነሣና ጎረቤት ወደየቤቱ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ፣ አንባቢው ወደ ታች በገፋ ቁጥር አዲስ ነገር እየተጨመረ ገጹ ፈጽሞ የማያልቅበትን ዘዴ ነደፈ። ዓላማው ሰውን ማሰር ሳይሆን ንባቡን ማቅለል ነበር። ውጤቱ ግን በረካ የሌለው ቡና ሆነ፤ ራስኪንም ከዓመታት በኋላ መጸጸቱን በይፋ ተናግሯል። በ2007 አይፎን ወጣ። በ2009 ደግሞ ፌስቡክ «ወድጄዋለሁ» የምትለዋን የአውራ ጣት ምልክት አመጣ፤ በዚያው ዓመት የአይፎን ፕሮግራሞችም ሳይከፈቱ ባለቤታቸውን በደወል የሚጠሩበት ሥርዓት ተዘረጋ። እስከዚያ ድረስ ስልክ ሲጮህ የሚጠራው ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የሚጠራው ድርጅትም ሆነ። ገቢው ከማስታወቂያ ለሆነ ድርጅት ደግሞ የእኛ ዓይን በመስተዋቱ ላይ የሚቆይበት እያንዳንዱ ደቂቃ ሸቀጡ ነው።

ችግሩ መኖሩን ሠሪዎቹም አልካዱም። በ2018 አፕልና ጉግል፣ ባለቤቱ በቀን ስንት ሰዓት በስልኩ ላይ እንደዋለ የሚቆጥሩና ገደብ የሚያስቀምጡ መሣሪያዎችን በየስልኮቻቸው ውስጥ አስገቡ። ሽቦውን ካነሡት ከብዙ ዓመታት በኋላ ትንሽ ክር መልሰው ሰጡን ማለት ነው። ክሩን ማሰርም መፍታትም ግን ለእኛ ተትቷል።

በግድ የመጣ ዝምታ

ይህን የሚያነብ ሰው «እንግዲያውስ ስልኩ ቢዘጋ ይሻላል» ሊል ይችላል። እኛ ግን የተዘጋ ስልክ ምን እንደሆነ እናውቃለን። በኢትዮጵያ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2005፣ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተቋርጦ በ2007 እስኪመለስ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቷል። በ2020 ክረምት መግቢያ ላይ ኢንተርኔት በአገሪቱ በሙሉ ለሳምንታት ተዘግቷል። በዚያው ዓመት ኅዳር ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም ተቆርጦ፣ በአብዛኛው አካባቢ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቷል። በናይሮቢ፣ በካርቱም፣ በጅቡቲ የምንኖር ስንቶቻችን የማይነሣ ቁጥር ደጋግመን ደውለናል! የወላጁን ሞት ከወራት በኋላ የሰማ ሰው «ያ ጊዜ ከስልክ ያረፍንበት ነበር» ሊል አይችልም።

ስለዚህ ለስደተኛና ለሩቅ ነዋሪ ስልክ ቅንጦት አይደለም፤ የእናት ድምፅ የሚመጣበት በር ነው። በሌላ የተጫነ ዝምታ ቅጣት ነው። ራስ የመረጠው ዝምታ ግን ሥርዓት ነው። ይህን ልዩነት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጾምን ያውቃል፤ ጾምንና ረኀብን ግን አንድ አድርጎ የሚቆጥር የለም። ጾም የሚጸናው ደግሞ በብርቱ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን፣ ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ በመታወቁና ቤተሰቡና ጎረቤቱ አብሮ በመጾሙ ነው።

አጥሩን እንደገና ማጠር

ወደዚህ ሐሳብ ያመጣኝ አንድ እሑድ ነው። እናቴ ዛሬ የራሷ ስልክ አላት፤ ክፍያውም ቀሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ማውራት እንችላለን። በዚያ ቀን ስለ ጉልበቷ ሕመም ስትነግረኝ፣ እኔ ድምፅዋን በማጉያው ለቅቄ በዚያው መስተዋት ላይ ሌላ ነገር እያነበብሁ ነበር። «እሺ... እሺ...» እላለሁ። ድንገት ዝም አለች። ቆይታም «ልጄ፣ እየሰማሽኝ ነው?» አለችኝ። ምን ስትለኝ እንደነበር አላስታወስሁም። በካቢን ሁለት ውስጥ የወንድሟን ሳል ለይታ የሰማች ሴት ልጅ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የእናቷን ሕመም ሳትሰማ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ያደረግሁት ነገር አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ሦስቱን አሮጌ አጥሮች መልሼ ተከልኋቸው። ለስልኩ ቦታ ሰጠሁት፤ በመግቢያው ኮሪደር ባለች ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ ያድራል እንጂ መኝታ ቤት አይገባም። ለማንቂያም ከገበያ ርካሽ የደወል ሰዓት ገዛሁ። ሰዓት ሰጠሁት፤ የቴሌግራምና የዋትስአፕ ቡድኖችን በቀን ሁለት ጊዜ እከፍታለሁ፤ በትርጉም ሥራ ላይ ሳለሁ አልከፍትም። የዋጋውን አጥር መመለስ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ከሰው ጥሪ በቀር ሌላውን ደወል ሁሉ ዘግቼ፣ ስልኩን ከማንሣቴ በፊት «ለምን?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልስ ያጣሁባቸው ጊዜያት ብዛት አሳፍሮኛል። በየሳምንቱም አልሳካልኝም፤ ሥራ ሲከብድ አጥሩ ይፈርሳል፤ እንደገና እተክለዋለሁ። በቤታችን ያሉት ሁሉ በአንድነት ሲያደርጉት ግን ሸክሙ ይቀልላል፤ ለብቻ መጾም ከባድ ነውና።

ናንዲዎች ሽቦውን ለራሳቸው ነገር እንዳዋሉት፣ እኛም መሣሪያውን እንደ ሠሪው ሐሳብ ሳይሆን እንደ ፍላጎታችን ልንይዘው እንችላለን። ወላጆቻችን አጥሩን ሳይመርጡት ኖሩበት። የእኛ ዕጣ መርጦ ማጠር ነው፤ ይህም ከእነርሱ ዕጣ የሚከብድ ነው። ልጆቻችን በቁልፍ የተዘጋ ስልክ አላዩምና፣ ልማዱን ከእኛ ካላዩ ከሌላ ከየትም አያገኙትም።

አሁን እሑድ ማታ 1 ሰዓት ላይ ስደውል፣ ስልኩን ከኮሪደሩ ጠረጴዛ ሳላነሣ፣ ከባትሪ መሙያው ሳልነቅል፣ አጠገቡ ባለች በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። የመሙያው ሽቦ አጭር ስለሆነ ተነሥቼ ወዲያ ወዲህ ማለት አልችልም። ባለፈው እሑድ እናቴ ስለ ጉልበቷ ነገረችኝ። ግራው ነው የሚያማት።