ተመልካች ከቅኔ ማኅሌት እስከ ቴአትር አዳራሽ

የአንድ ሕዝብ የቴአትር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በደራሲያንና በተዋንያን ስም ነው። የትኛው ተውኔት በየትኛው ዓመት ታየ፣ ማን ደረሰው፣ ማን ተጫወተው፣ ማንስ ከለከለው የሚሉት ጥያቄዎች ተደጋግመው ተጠይቀዋል። ይሁንና ያ ተውኔት በታየበት ዕለት ሕዝቡ የት ተቀመጠ፣ ከኋላ የነበረው ሰው ከቃሉ ምን ያህሉን ሰማ፣ ማንስ በር ላይ ቀረ የሚሉት ጥያቄዎች እስካሁን በቂ ትኩረት አላገኙም። ተውኔት ያለ ተመልካች ልምምድ ብቻ በመሆኑ፣ የተመልካቹን ቦታ የማያካትት የቴአትር ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው።

ይህን ጎደሎ ለመሙላት ከዘጌ መነሣት ተገቢ ይሆናል። ዘጌ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ውኃው ዘልቆ የገባ፣ በቡና ደን የተሸፈነ ባሕረ ገብ መሬት ነው። የአቡነ በትረ ማርያምን ቃል ኪዳን መሠረት ባደረገው ትውፊት መሠረት ምድሩ አይታረስም፤ ሕዝቡ ለዘመናት የኖረው በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ነው። በዚህ ደን ውስጥ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፣ በትረ ማርያምና ሌሎችም ገዳማት ይገኛሉ። የቴአትር ሰው እነዚህን ገዳማት የሚጎበኘው ዘወትር ስለ ሥዕላቸው ነው። ስለ ጉባኤ አያያዛቸው ግን ሊማርባቸው የሚገባው ነገር ከሥዕሉ አያንስም።

ክብ የሆነው ቤተ ክርስቲያን በሦስት ክፍል የተሠራ ነው። ከውጭ በኩል ቅኔ ማኅሌት፣ ከዚያ ቅድስት፣ በመካከል መቅደስ ይገኛል። መቅደሱ አራት ማዕዘን ሲሆን ግድግዳው በሸማ ላይ ተሥሎ በተለጠፈ ሥዕል ተሸፍኗል። ሥዕሉ የሚታየው በመቅደሱ ዙሪያ በመዞር እንጂ ከአንድ ቦታ በመቀመጥ አይደለም። ታሪኩ በአራቱም ገጽ ስለተከፈለ፣ ተመልካቹ ራሱ ካልተንቀሳቀሰ ትርኢቱ አይሟላም።

በቅኔ ማኅሌት ወንበር አልነበረም። መዘምራኑ በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው እየተቀበለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያድራሉ። ለዚህ ረጅም ቁመት መፍትሔ ሆኖ የተገኘው መቋሚያ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው መቋሚያ የሚቆምበት ነው፤ የደከመ ሰው ብብቱን ያሳርፍበታል። ዝማሜው ሲጀመር ደግሞ ይኸው ማረፊያ ከጽናጽልና ከከበሮ ጋር የዜማው መለኪያ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ጉባኤ የተመልካች መቀመጫና የተዋናይ መሣሪያ አንድ ዕቃ ነበሩ ማለት ይቻላል።

የድምፅም ጥያቄ መልስ አግኝቶ ነበር። ባለቅኔው አዲስ ቅኔውን ሲያቀርብ ቤት በቤት ለተቀባዩ ይነግራል፤ ድምፀ መልካም የሆነው ተቀባይ በዜማ ከፍ አድርጎ ለጉባኤው ያደርሰዋል። ቅኔ ያን ዕለት ተፈጥሮ ያን ዕለት የሚሰማ ስለሆነ፣ ያመለጠውን ቃል መልሶ የሚያነብበት ወረቀት አድማጩ የለውም። ስለሆነም የቅኔው ዕጣ በተቀባዩ ጉሮሮና በጉባኤው ጆሮ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ወርቁን ያገኘ ሊቅ «ይበል!» ሲል፣ ባለቅኔው ሥራው ደረሰ አልደረሰ የሚለውን እዚያው ያውቃል። ቤቱም ያግዛል። ከእንጨት፣ ከጭቃ፣ ከቀርከሃና ከሣር የተሠራ ሕንፃ ድምፅን ይውጣል እንጂ እንደ ሲሚንቶ ግድግዳ መልሶ አይወረውርም፤ ቃልም በራሱ ማስተጋባት አይደናቀፍም።

ሆኖም ይህን ጉባኤ ያለ ጉድለት አድርጎ ማቅረብ ታሪክን ማጣመም ይሆናል። ቅኔው በግዕዝ ስለነበረ ከቆመው ምእመን ብዙው ዜማውን እንጂ ምስጢሩን አልሰማም፤ የእርሱ ድርሻ ሥዕሉ ነበር። ወንዱና ሴቱ በየወገኑ ተለይቶ ይቆማል። ከዘጌ ማዶ በምትገኘው በክብራን ገብርኤል ደሴት ደግሞ ሴት ከቶ አትገባም። እንግዲህ ክቡም ቤት ቢሆን ሁሉን እኩል የሚያቅፍ አልነበረም፤ ማን ይሰማል፣ ማን ያያል፣ ማን ደጅ ይቀራል የሚለው ጥያቄ ከቴአትር ቤት በፊትም ነበረ።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ሁለት ዓይነት ጉባኤ የኢትዮጵያን ተመልካች ቀርጸውታል። አንደኛው የግብር አዳራሽ ነው። ዛሬ ለቴአትርም ለስብሰባም የምንጠቀምበት «አዳራሽ» የሚለው ቃል በቤተ መንግሥት ግብር የሚበላበትን ቤት ሲያስጠራ የኖረ ነው። በዚያ ቦታ ሁሉም በማዕረጉ ይቀመጥ ነበር፤ መኳንንቱ በቅድሚያ፣ ሠራዊቱ በተራ በተራ ይገቡ ነበር። ንጉሡ ማዕድ ሲቀርቡ መጋረጃ ይጋረድ ነበር፤ መጋረጃው ሲነሣ ሹማምንቱ፣ ፎካሪውና አዝማሪው የየድርሻቸውን ይጫወታሉ። የቴአትር መጋረጃ ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት ሕዝቡ መጋረጃ ሲገለጥ ዝም ብሎ ማየትን ያወቀው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉባኤ የአዝማሪ ነው። በጠጅ ቤት አድማጩ በዙሪያው በመደብና በበርጩማ ተቀምጦ፣ ብርሌውን ይዞ፣ «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪውም የተሰጠውን ግጥም ከማሲንቆው ጋር አዋሕዶ ይመልሳል። እዚህ ተቀባዩ አዝማሪው ሲሆን ገጣሚው ደግሞ የከፈለው ተመልካች ነው። በቅኔ ማኅሌትም በጠጅ ቤትም «ተቀባይ» የሚለው ቃል በአንድ ትርጉም ይገኛል፤ የሰማውን ከፍ አድርጎ ለሌላው የሚያደርስ ማለት ነው። የአገሩ ጉባኤ በዚህ መቀባበል የሠለጠነ ነበር።

ዘመናዊው ቴአትር የመጣው ወደዚህ ጉባኤ ነው። በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት በ1913 ዓ.ም. ገደማ ደርሰው በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል በመኳንንት ፊት አሳዩ። ተውኔቱ በአውሬዎች አምሳል የመንግሥቱን አሠራር ጉድለት የሚተች ስለነበረ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ስለዚህ ታሪክ ሲነገር የሚዘነጋ አንድ ነጥብ አለ። የመጀመሪያው ተውኔት የታየው በሆቴል አዳራሽ ነበር። ተመልካቾቹም የተነቀፉት ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። ሰፊው ሕዝብ ስለዚያ ምሽት የሰማው ከወሬ ነው። መቀመጫው በማዕረግ የተመደበ የግብር አዳራሽ ወደ ሆቴል ተዛወረ ማለት ነው።

በ1923 ዓ.ም. ከተደረገው የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ወዲህ ቴአትር እንደገና ሲያንሠራራ፣ ሁለቱን ጉባኤዎች ያገናኘው የጎጃም ሰው ነበር። በደብረ ኤልያስ የተወለዱት ዮፍታሔ ንጉሤ ቅኔን የተማሩት በቤተ ክርስቲያን ነበር። በአዲስ አበባ መምህር ሆነው ተማሪዎችን አሰልፈው ተውኔት ሲያሳዩ፣ መዝሙርና ምሳሌያዊ ንግግር የተውኔቶቻቸው ምሰሶ ሆነ። ሰምና ወርቅን ወደ አማርኛ መድረክ ያመጡት እኚህ ሰው፣ ተመልካቹ ቃልን አሳድዶ የሚይዝ ጆሮ እንዳለው ያውቁ ነበር። ከቅኔ ማኅሌት የተገኘው ጆሮ ከአውሮፓ ከመጣው መድረክ ጋር የተገናኘው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ሐምሌ 1927 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ወረራ ሲቃረብ በአቶ መኮንን ሀብተ ወልድ አስተባባሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። በምኒልክ አደባባይ የተሰበሰበው ሕዝብ ንግግሩን፣ ግጥሙንና መዝሙሩን የሰማው በሜዳ ላይ ቆሞ ነው። ትኬትም ሆነ የማዕረግ ወንበር አልነበረም፤ ጉዳዩ የሁሉም ስለነበረ ጉባኤውም የሁሉም ሆነ። ከነፃነት በኋላ ማኅበሩ ሥራውን በአዳራሽ ሲቀጥል ሙዚቃውን፣ ውዝዋዜውንና አጭር ድራማውን በአንድ ዝግጅት ማቅረቡ፣ መቀባበልን የለመደውን ተመልካች እንዳያጣ ረድቶታል።

ከዚያ በኋላ የተገኘው ለውጥ ወሳኝ ነው። ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ሕንፃ ተሻሽሎና ተስፋፍቶ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። የመክፈቻው ተውኔት የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ተመልካቹ በረድፍ በተደረደረ ወንበር ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ፣ መብራት ጠፍቶበት፣ ዝም ብሎ መቀመጥን የሚማርበት ታላቅ ቤት ተገኘ።

ይህ ሥርዓት በአውሮፓም ቢሆን ከጥንት የነበረ አይደለም። በክርስቶስ ልደት ቅድሚያ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ግሪኮች በኤፒዳውሮስ የሠሩት ቴአትር በኮረብታ ተዳፋት ላይ በግማሽ ክብ የተነጠፈ የድንጋይ መቀመጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1599 በለንደን በተሠራው በግሎብ ቴአትር ደሃው ሕዝብ አንድ ፔኒ ከፍሎ መድረኩን ከብቦ ቆሞ ያይ ነበር። የተመልካቹን መብራት ማጥፋት ልማድ እየሆነ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ቫግነር እ.ኤ.አ. በ1876 ባይሮይት ላይ የከፈተው ቤት ለዚህ ይጠቀሳል። እንግዲህ ጨለማውና ረድፉ የአንድ ዘመን ፈሊጥ ናቸው እንጂ የቴአትር ሕግ አይደሉም።

የአማርኛ ተውኔት ከአዳራሽ የሚጠይቀው ነገር ግን የፈሊጥ ጉዳይ አይደለም። ፊደላችን የማይጽፈውን ማጥበቅና ማላላት የሚለየው ጆሮ ብቻ ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው ያልደረሰ ማለት ሲሆን ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»ና «ያላቻ ጋብቻ» የሚያስቁት በንግግር ቅልጥፍና ነው። የፀጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች፣ በ1967 ዓ.ም. የቀረበውን «ሀ ሁ በስድስት ወር»ን ጨምሮ፣ ቃልን ከቃል እያጋጩ የሚሄዱ ናቸው። እንዲህ ባለ ተውኔት አንድ ተነባቢ የጠፋበት ተመልካች የጠፋበት ወርቁ ነው፤ ሰሙን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ለዚህ ጥፋት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አዳራሹ ነው። ድምፅ በሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። በአዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ድምፁን ስለሚመልሱት፣ ያለፈው ቃል ጭራ በሚመጣው ቃል ራስ ላይ ይወድቃል። ድምፅ ማጉያ ቢጨመርበት ጩኸቱ ይበረታል እንጂ ቃሉ አይጠራም። ዝናብ ሲጥል የቆርቆሮው ጣሪያ ከተዋናዩ በላይ ይናገራል። ወለሉ ተዳፋት ካልሆነ ከኋላ ያለው ሰው የሚያየው የፊተኛውን ማጅራት ነው። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ይህን ሁሉ በሥራ አይተውታል። በትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በሲኒማ ቤትና በሜዳ ሲጫወቱ፣ ሕዝቡ በአግዳሚ፣ በሣርና በአጥር ላይ ሆኖ ሲመለከት፣ ብዙ ጊዜ ከንግግሩ ይልቅ ዘፈኑና ውዝዋዜው ይደርስ ነበር። ንግግሩ የቀረው ሕዝቡ ለድራማ ፍቅር ስለሌለው ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ ያልተሰማ ነገር ሊወደድም ሊጠላም አይችልም።

መስተንግዶም ከዚህ ተለይቶ አይታይም። በቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ሲያበቃ ምእመኑ በደጀ ሰላም ይስተናገዳል፤ ከሩቅ የመጣው እንጀራና ጠላ ሳይቀምስ አይሄድም። በጠጅ ቤት አሳላፊው የእንግዳውን ብርሌ ባዶ አያደርግም። በቴአትር አዳራሽ ግን ተመልካቹ ትኬቱን ከቆረጠ በኋላ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ዘግይቶ የገባውን በጸጥታ ቦታ የሚያሲዝ አስተናጋጅ፣ አዛውንቱ ሳይደናቀፍ የሚወርድበት ደረጃ፣ እናት ልጇን ይዛ የምትወጣበት መተላለፊያ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት እንደ ትርፍ ነገር ሲታዩ ይስተዋላል። ዘጌ ያለ ሰው በባሕር ዳር ተውኔት ለማየት ቢነሣ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይጓዛል፤ አያቶቹ እንጨት በታንኳ ጭነው ይቀዝፉ የነበረው በዚሁ ውኃ ላይ ነው። ተውኔቱ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ሰዓት ይህን ሰው ካላሰበ፣ ደጃፉ ክፍት ቢሆንም ለእርሱ ዝግ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ወደ ክብ ጎጆ እንመለስ የሚል አይደለም፤ ቅኔ ማኅሌትም የራሱ አጥሮች እንደነበሩት ታይቷል። ትምህርቱ አዳራሽ የሚለካበትን መለኪያ ይመለከታል። አንድ አዳራሽ ሲመረቅ በቅድሚያ የሚነገረው የወንበሩ ቁጥር ነው። መጠየቅ የሚገባው ግን በመጨረሻው ረድፍ ጥግ የተቀመጠው ሰው «ገና»ን ከ«ገና» ለይቶ ይሰማል ወይ የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ አዘጋጁ በልምምድ ጊዜ ከፊተኛው ወንበር ተነሥቶ ከኋላ ቢቀመጥ፣ መሐንዲሱም ሥራውን ሲጀምር ከባለሙያው ተዋናይ ጋር ቢመክር ይበቃል። ግድግዳን በጨርቅ፣ በእንጨትና በቀርከሃ ማልበስ ደግሞ የዘጌ አናጢዎች ያውቁት የነበረ ጥበብ ነው።

በቅኔው ጉባኤ ባለቅኔው የሚጠብቀው ያቺን «ይበል!» የምትል ድምፅ ነበር። የምትመጣው ከሰማ ሰው ብቻ ነው። ደራሲውና ተዋናዩ ከመድረክ ሆነው ያችኑ ድምፅ የሚጠብቁ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ቃላቸው ከኋለኛው ረድፍ መድረሱን ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል።